ስስ ግድግዳ

እሁድ ሁለት ሰዓት ሲል፣ ባጃጁን ከደጅ አቁሞ፣
ምንይችል ይገባል፤ «ውሸት ነው» ሊል አስቀድሞ።
«ተዋናዮች ናቸው፤ ተከፍሏቸው እኮ ነው» ይላል፤
ይላልና፣ ሙዚቃው ሲጀምር ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ሁለት እናቶች ናቸው ቤት የተለዋወጡ፤
ሰባት ቀን ሊኖሩ፣ በሰው ልጆች ሊቆጡ፣
በሰው ድስት ሊሠሩ፣ ከሰው አልጋ ጥግ ሊቀመጡ።
አንደኛዋ ከቪላ፦ ውሻው የራሱ ስም፣ ልጁ የራሱ መኝታ፤
አባትየው ስልኩን እያየ እራቱን የሚበላ በዝምታ።
ሌላዋ ከአንድ ክፍል፦ አምስት ልጅ፣ አንድ ፍራሽ፤
ታናሹ የታላቁን ክንድ እስኪነጋ ተንተራሽ።

እኔን ግን የሚይዘኝ ጠባቸው አይደለም፤ ልቅሷቸውም።
ከጀርባቸው ያለው ነው፣ ካሜራው ቆሞ የማያየው፤
ጨው የት ያስቀምጣሉ? ማታ በሩን ማን ነው የሚዘጋ?
የታጠበ ልብስ ወንበር ላይ ያድራል ወይ፣ እንደኔ፣ እስኪነጋ?
ባልየው ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የሚል አለ?
አንዷ በሌሊት ስትባንን ማን ተነሳ፣
ማን እንዳልሰማ ተጠቀለለ?

ቀን ቀን ከሐይቁ ዳር ዓሣ እበልታለሁ፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፤
ሥጋው ብቻ ነው የሚፈለግ፣ ሆቴል ቤቱ ሲገዛ።
እኔ ግን ሆዱን ከፍቼ ሳላይ አልጥልም፤
ምን በልቶ እንደኖረ። ለዚህ ማንም አይከፍለኝም።
እሁድ ማታም የሚያስቀምጠኝ ይኸው ይመስለኛል።
ቤትም ሆድ አለው።

አንድ ቀን ምንይችል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣
«ያቺ ሴትዮ እኛ ቤት ሰባት ቀን ብታድር ምን ትል?»
አልመለስኩለትም። ልቤ ግን ብድግ ብሎ መጥረጊያ ፈለገ፤
የተሰነጠቀውን ሰሃን ከደህናው ሥር አደረገ።
ደግሞ ብር አለ፣ ከበርበሬው ዕቃ ሥር የደበቅኩት፤
ለምን ብትሉኝ አላውቅም፤ እንዲያው ቢኖር ብዬ ያኖርኩት።
እሱ በዘጠኝ ዓመት አላገኘውም።
እሷ በሦስተኛው ቀን ታገኘዋለች።

ባለፈው እሁድ ግን፣ ባለቪላዋ ሴትዮ
ከፍራሹ ጫፍ ቁጭ ብላ፣ ታናሹን ልጅ
«ና» ልትል አፏ ተከፍቶ ሳለ
መብራት ሄደ።
ሽምብጥ ሁሉ ባንድ አፍ «ኤጭ!» አለ።
ከሐይቁ በኩል ጉማሬ ይሁን ጄኔሬተር
አንድ ነገር አጓራ፤ ከዚያ እሱም ተወ።

ከግድግዳው ማዶ እትየ ይታክቱ ናት።
ዐሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት፤ ወንፊት እንኳ ተዋውሰን አናውቅ፤
የልጇን ሳል ግን አውቀዋለሁ፣ የባሏን መግቢያ ሰዓት፣
የድስቷን ክዳን መውደቅ።
እሷም እኛን ታውቃለች ማለት ነው።
እስከዚያች ማታ ድረስ ይህን አላሰብኩም።

ጭቃውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።
«አንቺ፣ ታቅፈዋለች ወይስ ትተወዋለች?»
«ታቅፈዋለች» አልኩ።
«እኔ እንጃ፤ እጇን አላየሽም? ቀለበቷን ታዞር ነበር።»
አላየሁም።
«ቆይ፣ ባልየው ገና አልገባም እኮ!» አለ ከጨለማው ምንይችል፣
ውሸት ነው ባዩ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው እየጎተተ።
እንዲህ ሦስታችን፣ በጭቃው ግራና ቀኝ፣
ልጁን አሳቀፍናት፤ ባልየውን አስለቀስን፤
ውሻውን ሳይቀር ወደ አንድ ክፍሉ ቤት አመጣነው፤
ይታክቱ ሳቀች። ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤
ሌላውን ሁሉ ሰምቼ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
ከንፈሯን ከጭቃው አስጠግታ መሰለኝ፣
«ማክሰኞ ሌሊት ያለቀስሽው ግን
ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።

የምንይችል ወንበር ሲጥ አለ።

መብራቱ መጣ። ቴሌቪዥኑ በራ፤
የሳሙና ማስታወቂያ፣ ነጭ አንሶላ፣ የሚሮጡ ልጆች።
ምንይችል ግን ስክሪኑን አላየም።