አሥራ አራት ሌሊት

የአባቴ መዝገብ ጠርዙ ተልጦ፣
ቀለሙ ወደ ሻይ መልክ ተለውጦ፣
ዛሬም ይነበባል በዚያ ገጽ ላይ ስሟ፤
«ኢሽቤል ካውዊ» ይላል፣ ከጎኑ ሕመሟ፦
«እንቅልፍ ማጣት»። ከሥር፣ በቀጭን ጽሕፈት፣
«ማታ አንድ ፍሬ። ለአሥራ አራት ሌሊት።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው።

ያን ሰሞን የሰሜን ባሕር «ጽናት» የተባለችውን ጀልባ
ከነአምስት ሰዋ ውጦ
አንድ ቦት ጫማ ብቻ ባኪ ወደብ መልሶ ነበር፤
የባሏ አልነበረም፣ ቁጥሩ አነሰ።
ዶክተር ራትሬይ፣ ደግ ሰው፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ፣
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣
«ትንሽ ያስተኛሻል» አላት።
አልዋሸም። አስተኛት።
አሥራ አራት ሌሊት ባሕሩ ዝም አለ፤
በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

ሐኪሙ ጡረታ ወጣ፣ ሐኪሙ ሞተ፤
ማዘዣው ግን አልሞተም፣
ከፊርማ ወደ ፊርማ ሲተላለፍ ኖሮ
አባቴንም ቀበረው።

ከባንኮኒው ኋላ ተራው የኔ ሆነ፤
ሃያ ስምንት ፍሬ በየወሩ ቆጠርኩላት።
ስለ ድመቷ ጠየቅኋት፣ ስለ ጣሪያዋ ፍሳሽ ጠየቅኋት፣
ስለ እንክብሉ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋት።
መርፌ የለ፣ ስርቆት የለ፣ ጨለማ ጎዳና የለ፤
አንገቷ ድረስ የተቆለፈ ሹራብ፣
«እግዜር ይስጥህ ልጄ» የምትል ሴት፤
ይህን ማን ሱስ ብሎ ይጠራዋል?

«ታዞልኝ ነው» ትላለች። አዎ፣ ግን ማነው አዛዥ?
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብልቃጡ ሲጠራት
በባዶ እግሯ ተነሥታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣
«አቤት» የምትል እሷ፤ እሷ ናት ታዛዥ።

ባለፈው መጋቢት አዲስ ሐኪም መጣ፤
ወጣት፣ ፈጣን፣ መመሪያውን የሸመደደ።
ሦስት መስመር ጻፈላት፦ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል፣
እንደ አውቶቡስ መስመር።

በስድስተኛው ቀን ሱቄ ገባች።
ሳንቲሟ ከመዳፏ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤
ለቀማውን ስጀምር አጎነበሰችና
«ግድግዳው ይተነፍሳል» አለችኝ በሹክሹክታ።
«ጊልበርት ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።
ልብሱ ይንጠባጠባል። ምንጣፌን አበሰበሰው።»

ያኔ ገባኝ። ስንቆጥር የኖርነው፣ አባቴና እኔ፣
ለእሷ እንቅልፍ አልነበረም፤
የተኛው ሐዘኗ ነው፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ እንደተኛ
በሰባ አንድ ዓመቷ ነቃባት፣
አንዲት ቀን እንኳ ሳያረጅ።

ስልክ አነሣሁ፣ ጮኽኩ።
በሕይወቴ ሐኪም ላይ ጮኼ አላውቅም፤
«ዛፍ ላይ የወጣን ሰው በመሰላል ያወርዱታል እንጂ
ግንዱን ይቆርጡበታል?»

መሰላሉ ይኸው፦ አንዱ ሙሉ፣ ቀጥሎ ሦስት ሩብ፣
እዚያው መርጋት። ክረምት ሲያልፍ ግማሽ።
በጊልበርት የመረብ መጠገኛ ቢላ
ዳቦ መክተፊያው ላይ ትቆርጠዋለች፤
ፍርፋሪው ሲቀር ጣቷን በምራቋ አርጥባ ታነሣዋለች፤
አንዳንድ ሌሊት፣ አለችኝ ወደ መስኮቱ ዞራ፣
ጣቷን ትልሰዋለች።

ሌላውን ሌሊት የፋኖሱ ማማ ሲበራ ሲጠፋ ትቆጥራለች።
ገና ግማሽ ላይ ናት።
ምናልባት ግማሽ ላይ እንዳለች ትሞታለች።

ትናንት የሰናፍጭ ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አኖረች፤
ሩብ፣ ሩብ፣ ሩብ፣ ከሥሩ ዱቄት።
«ውሰደው» አልሰማሁም፣ «ጣለው»ም አላለችኝ፤
«አንተ ጋ ይደር» አለች። ወጣች።

በሩን ቆለፍኩና ትሪው ላይ ዘረገፍኩት፤
ለምዶብኝ ቆጠርኩ።
ሃምሳ ሦስት ሩብ።
ሦስት ሩብ ጎደለው እንጂ አሥራ አራት ሌሊት ነው።

መዝገቡን ገለጥኩ፣ ብዕር አነሣሁ፤
የተሰጠ መጻፊያ ዓምድ አለው፤
የተመለሰ መጻፊያ የለውም።