አሜን ብሎ ቆመ

አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ወር ሞላው፤
ቢሆንም በሬን ለሚያንኳኳ ሰው ሦስቱም ፎቅ አልበዛው።
የመጀመሪያው ሐሙስ መጣ፣ በጠወለገ ኮት፣
በላስቲክ የታሸገ የራቢ ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት።
ስለ አንዲት የሙት ልጅ፣ ስለ ሙሽራ አወጋኝ፤
ዕብራይስጡ ጥድፊያ ነው፣ እኩሌታው አመለጠኝ።

እኔም እንዳደግሁበት፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣
"እግዜር ይስጥህ" አልኩት፣ ቃሉን በነሱ ቋንቋ ፈልጌ።
በኛ አገር ይሄ መሸኛ ነው፤ ለማኙ ገብቶት ይሄዳል፤
እሱ ግን "አሜን" ብሎ ቆመ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?
ሃያ ሸቀል ሰጠሁት፤ ለሙሽራዋ ይሁን ለአሜኑ
ለይቼ አላወቅሁም፣ ይኸው ስንት ወሩ፣ ስንት ቀኑ።

ከዚያ ወዲያ በሬ ታወቀ፤ ምልክት የለጠፉበት መሰለኝ።
አንዲት ተማሪ ቆርቆሮ ይዛ ለካንሰር ሕሙማን ለመነችኝ፤
(ጥርሷ ላይ ሽቦ፣ የጫማዋ ክር የተፈታ፤
አምስት ሸቀል ስጥል ቆርቆሮው ጮኸ፤ ባዶ ኖሯል እስከዚያች ማታ።)
ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ ታብሌት አንግቦ መጣ፤
"በወር ሠላሳ ብቻ፣ ከባንክሽ፣ ሳይታወቅሽ የሚወጣ።"
ሳይታወቀኝ? የሰው ቢሮ እያጸዳሁ እስከ ንጋት ሳድር፣
እያንዳንዷን ሸቀል በስሟ ስጠራት እንደ ጊደር?

አንድ ማታ ሲንኳኳ መብራቱን አጠፋሁ።
በገዛ ቤቴ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሌባ ሆኜ ቆምሁ።
ኦፊር፣ ስድስት ዓመቷ፣ በጆሮዬ፦ "ኢማ፣ ማንን ነው የምንደበቀው?"
"ዝም በይ" አልኳት። የሚደበቁት ከጠላት ነበር፣ እኔ እንደማውቀው።

በበሩ ዓይን አየሁት፦ ሽማግሌ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣
አንድ ጫማውን አውልቆ፣ ተረከዙን በመዳፉ ጨብጦ።
ከፈትኩ። ገንዘብ አልጠየቀም፤ "ውኃ" አለኝ።
ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። ያልጠየቅሁትንም ነገረኝ፦
ከመቶው ሠላሳ አምስት የሱ፣ የቀረው የላኪዎች፤
ፊታቸውን አያውቅም፤ ስልኩ ውስጥ ያሉ፣ ስም የለሽ ቁጥሮች።
"ለሙሽሮቹስ?" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።
ጫማውን አሰረ። ውኃው ጢሙ ላይ ደረቀ።

አሁን በወሩ መባቻ ሃምሳ ሸቀሌን እይዛለሁ፣
ከገበያው ጀርባ፣ ዝማም ድስት ከምትጥድበት ምድር ቤት እወርዳለሁ፤
ሽንኩርት ልጬ፣ ማን እንደሚበላ አይቼ እመጣለሁ።
አንዳንዴ ዝማም ጨው ታበዛለች፤ ያንንም አውቃለሁ።

ሲንኳኳ መብራት አይጠፋም። ውኃ አለ።
"አልሰጥም" አልኩት አንዱን፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁት፤
ረግሞኝ ወረደ፤ እርግማኑን ቢሮ ስጠርግ ሳመነዥከው አነጋሁት።

ያቺ ባለ ሽቦዋ ልጅ ግን ዳግም ስትመጣ
(ክሯ ዛሬም አልታሰረም) ሕጌ ካፌ ጠፋ፤ ከየት ይውጣ?
አምስት ሸቀል ጣልኩ። ቆርቆሮው አልጮኸም፤ ሞልቷል መሰል።
"እግዜር ይስጥሽ" አልኳት፤
"አሜን!" አለች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት ስትዘል።