የተራ ጸሎት

ሳቱርኒና ማማኒ፣ የቦይ ውኃ ዳኛ፣
ሱራፓምፓ መንደር፣ በፔሩ ተራሮች

ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ፤ ሳቱርኒና ነኝ፣
ትናንትም መጥቼ ያላናገርከኝ።
ሻማ አልቆብኛል፣ ባትሪዬን አበራሁ፤
ዘንድሮ ጭቃ የለም፣ ከነጫማዬ ገባሁ።

ጉባኤው መርጦኛል ባለፈው ጥር ላይ፣
በትር አስጨበጠኝ፣ አገር ሁሉ እንዲያይ።
በትር መያዝ ቀላል፤ ክንዴ አልደከመም፣
ከበትሩ ጋር ግን አእምሮ አልሰጡኝም።

ከእኔ በፊት የነበረው፣ ሽማግሌው ማክሲሞ፣
ሲጨንቀው ሳንቲም ይጥል ነበር፣ ከቦዩ ዳር ቆሞ።
እኔ ሳንቲም ፈራሁ (ደግሞም ሳንቲም የለኝ)፣
ስለዚህ ከሳንቲሙ አንተ ተሻልከኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንተ ብታውቀውም፣
ካልነገርኩህ በቀር ለእኔም አይገባኝም።

ከተራራው ጫፍ ላይ በረዶው ሳስቶ፣
ውኃው ክር ሆኖ ቀረ፣ ልቃቂቱ ተፈቶ።
ግሪማልዶና ዞይሎ፣ የአንድ እናት ልጆች፣
ተያይዘው መጡ እንደ ሁለት ወይፈኖች።
አንዱ «ማክሰኞ ሌት የእኔ ነው» ይለኛል፣
አንዱ «አባቴ ሲሞት ለእኔ ብሎኛል»፤
የአንዱ ድንች ደርቋል፣ የአንዱ ባቄላ፣
የሁለቱም ልጆች እያዩኝ ከኋላ።
አካፋ ይዘዋል፤ አካፋው ለቦይ ነው፣
ግን በጨረቃ ሲያዩት ስለቱ ሌላ ነው።

«ጥበብ ስጠኝ» አልኩህ። ዝም አልክ። ጨመርኩ።
«እንደ መብረቅ ስጠኝ፣ እንዲታይ» አልኩ።
ልክ ነህ ባትሰማኝ፤ ራሴን ታዘብኩ፦
ሕዝቡ «አቤት ጥበቧ!» እንዲለኝ ፈለግኩ።

ተንበርክኬ ቆይቼ ጉልበቴን ሲያመኝ፣
አንድ ነገር ብቻ በልቤ ሽው አለኝ፤
ድምፅ አልነበረም፣ ብርሃንም የለውም፣
ጥያቄ ነው እንጂ፤ እሱም ብዙ አልረዘመም፦
«ቦዩ የሚያልቀው ማን ደጅ ነው?»

እኔ አላውቀውም ነበር።
ስድስት ወር ስዳኝ፣ አላውቀውም ነበር።

እንግዲህ ተነሣሁ። ባትሪ ይዤ ወረድኩ፣
ከውኃው ጋር እኩል ቁልቁል ተራመድኩ።
ከዞይሎ እርከን በታች፣ ከቁልቋሉ አጠገብ፣
ድንጋይ ተናግቶ አየሁ፣ ውኃው ሲንጠባጠብ።
ጠብታ እንዳይመስልህ፤ ግማሹ ነው የሄደ፣
ለማንም ሳይጠቅም አሸዋ ውስጥ የወረደ።
ሁለቱ ወንድሞች ሌባ ሲባባሉ፣
ሌባዋ ስንጥቅ ናት፤ በላይዋ ሲውሉ።

ከዚያም ወረድኩኝ፤ ቦዩ ጠበበ፣ ጠበበ፣
ልመናዬን በስሕተት እንዳነበበ።

ጫፉ ላይ ሂላሪያ፤ ባሏ የሞተባት፣
ጣሳ ይዛ፣ ቁጢጥ ብላ፣ ሊነጋ ሲል ሰዓት።
አሥራ አንድ አገዳ በቆሎ ነው ያላት፣
ለእያንዳንዷ አገዳ አንድ ጣሳ ስሌት።
«ለምን አልከሰስሽም?» አልኳት ደንግጬ።
«ከሳሽ ብዙ ነበር፤ ቆየሁ ተቀምጬ፣
ተራዬን ስጠብቅ።»

ተራ።

ጌታ ሆይ፣ ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።
ተራ ነው የሰጠኸኝ፤ መብረቅ የሌለበት፣
አንድ ጥያቄ፣ እግር፣ የተራ ሰው ሌሊት።

ጠዋት ሁለቱን ጠራሁ፤ አካፋ ይዘው መጡ፣
ስንጥቋን ሳሳያቸው እርስ በርስ አፈጠጡ፤
ሲሚንቶ አልነበረም፤ ጭቃና ሣር ቀጠቀጡ።
ታረቁ አልልህም፤ ውሸት አልጸልይም፤
ዞይሎ እስካሁን ድረስ ሰላም አይለውም።
ውኃው ግን ዛሬ ማታ ሂላሪያ ጋ ደርሷል፣
ድፍርስ ነው፤ ቢሆንም ጣሳዋ ሞልቶ ፈሷል።

ለነገ ሌላ ክስ አለ፤ በግ ነው፤ ድንበር ነው፤
የትናንቱ መልስህ ለነገ አጭር ነው።
በጋን አትሙላልኝ፤ ሲቆይ ይሸታል፣
በተራዬ ልቀቀው፤ ለዕለቱ ይበቃኛል።

ከቦይህ ጫፍ ቁጭ ብዬ ጣሳ ይዣለሁ፤
ከሳሽ ቢበዛብህም፣ እጠብቃለሁ።