ሌሊት የሚበላ

በቁስቋም ዳገት ሥር፣ ባንድ የድንጋይ ግቢ፣
አራት ተከራይ ነን፣ ካንድ ቆጣሪ ጠቢ።
እትዬ ትርንጎ፣ የግቢው ባለቤት፣
ወር በገባ በሦስት ይዘው ያን ወረቀት
ቆመው ይጣራሉ፣ ከላይ ከደረጃ፤
«ምን ዓይነት ሒሳብ ነው! ምን ዓይነት ፍርጃ!»

ከዚያ ዓይን ይዞራል፣ ሊያገኝ በላተኛ፦
አስረስ ያነባል፣ ሌሊቱን ሳይተኛ፤
ነርሷ የሺወርቅ፣ ከአዳር ስትመጣ
ውሃ ታፈላለች፣ ድካሟ እንዲወጣ፤
ጥግ ያሉት አዛውንት ሬዲዮ ብቻ ናቸው፣
ሬዲዮ ምን ይበላል፣ ማን ይጠይቃቸው?
እኔ ግን ሰፊ ነኝ።
ካውያ አለኝ። አለቀ።
ካውያ ካለው ድሃ፣ ክስ መቼ ራቀ?

ሦስት ዓመት ከፈልኩ፣ ድርሻዬን በእጥፍ፤
የሙሽራ ሱሪ፣ የካህን ቀሚስ ጥልፍ
ስተኩስ ሳመሽ ነው ነገር የሚበረታው፣
«ያ ብረት ነው» ይላሉ፣ «ግቢዬን የበላው»።
እኔም አምኜ ነበር፤ ደጋግመው ሲከሱ
ያልሠራው ጥፋትም ለሰው ነው የራሱ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ መሰላል አንግበው
ሁለት ልጆች መጡ፣ ከፒያሳ ወርደው።
የዱሮውን ሳጥን፣ ሆዱ የሚዞር ሳህን፣
ነቀሉት እንደ ጥርስ፤ ተተካ አዲሱ ዓይን።
ይሄኛው አይዞርም፣ ሰው አያነበውም፤
ራሱ ነው የሚጽፍ፣ ሰዓቱን አይስትም፤
ካርድ ካለቀበት አያውቅም ይሉኝታ፣
ይቆርጣል ጸጥ ብሎ፣ ሳይሰጥ አንድ አፍታ።

ዱሮ አንባቢው ነበር፣ እንየው የሚሉት፣
ውሻው ጅራት ቆልቶ ደጅ የሚቀበለው፣ ልጆች የሚጠሩት፤
እርሳሱ ጆሮው ላይ። ካጣ ሰው ቤት ሲደርስ
«ቤት ዝግ ነው» ብሎ ጽፎ ያልፍ ነበር፣ ወሩ እስኪታደስ።
ለአዲሱ ዝግ የለም።

ወሩ ሲያልቅ አስረስ፣ ስልኩን ወጥቶ ከፍቶ
ሰዓት በየሰዓት አሳየን ዘርግቶ።
እትዬ ትርንጎ መነጽር አድርገው
«ካውያው የቱ ላይ ነው?» አሉ ተጣድፈው።
«ይቺ ጉብታ ናት፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት»፤
ጉብታ ማለትም፣ ልጅ የሚዘላት!
«ይሄስ ረጅሙ፣ ሜዳ የመሰለው?
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁላችን ተኝተን፣ ማነው የሚበላው?»

ዝም አልን። ያኔ ነው፣ ከእልፍኝ የተሰማ፣
እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርም ድምፅ፣ ከጓዳው ጨለማ፤
ፍሪጁ።

«ባዶ ነው» አሉ እትዬ። «ባዶ ምን ይበላል?»
ቁልፉን ከአንገታቸው ፈተው ከፈቱልን።
እውነትም ባዶ ነው። ወተት የለ፣ ሥጋ የለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንኳን።
በሩ ኪስ ላይ ብቻ አንዲት ብልቃጥ፣ አውራ ጣት የምታክል፣
የጋሽ ፈንታሁን የስኳር መድኃኒት፣ ግማሹ የቀረ።
እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው።
«ሐኪሙ እንዳይሞቅ ጠብቂ ብሎኛል» አሉ።
ከዚያ ቀስ ብለው፦
«አልሞቀም።»

ክሱ ተዘጋልኝ። ያለአግባብ የከፈልኩትን
ቆጥረው ሊመልሱ መቀነታቸውን ፈቱ።
አልቀበልም አልኩ ብል ውሸት ነው፤
ግማሹን ተቀበልኩ፣ ክር ገዛሁበት።
ፍሪጁን ግን ማንም ይነቀል አላለም።

አሁን ካርድ ስንሞላ አስረስ ይጽፋል፦
ነርሷ ይህን ያህል፣ ሰፊው ይህን ያህል፣
መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ቀና ሳይል፣
«ጋሽ ፈንታሁን» ብሎ አንድ መስመር ይጨምራል፤
እሷን መስመር ሁላችን እንካፈላለን፣
ሬዲዮ ያላቸው አዛውንትም ጭምር።

አንዳንድ ሌሊት ስልኬ በራስጌዬ ይጮሃል፦
«ቀሪ ሒሳብዎ ሊያልቅ ነው።»
ባዶ እግሬን እነሣና
ጆሮዬን ከእልፍኙ ግድግዳ አስጠጋለሁ።
ያጉረመርማል።
ተመልሼ እተኛለሁ።