ለነፋስ አንድ ጋት

የፊተኛውን ያቆምኩት እኔው ነኝ፣ አልክድም።
ከሞላሌ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጤና ኬላው ጣራ፣
ስምንት ሚስማር መትቼ፣ ከቆርቆሮው ጋራ
ሶላሩን አጣበቅሁት፤
ከጎኑ ቆሜም ፎቶ ተነሣሁበት።

ቅጹ ላይ «የነፋስ ጫና» የምትል ክፍት ቦታ ነበረች።
ደብረ ብርሃን፣ ብየዳ ቤቴ፣ ሻዬን ፉት እያልኩ፣
«መካከለኛ» ብዬ ሞላኋት፤ አለፍኩ።
መካከለኛ!
የመንዝን ነፋስ፣
በሁለት ባና መሐል ሾልኮ ገብቶ የሚተኛ፣
በጉን ከነጠጉሩ የሚያስጠጋ ከካብ ኋላ፣
እኔ በእስክሪብቶ ደረጃ ሰጠሁት፣ ሳላየው በመላ።

በየካቲት ሌሊት ስልኬ ጮኸ።
እንግዳወርቅ ናት፣ የኬላው ሠራተኛ።
አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ።
«መስታወትህ ዕዳሪው ላይ በደረቱ ተኝቷል፤
ፍሪጁ መሞቅ ጀምሯል፤
ክትባቱን በሣጥን አዝዬ ሞላሌ ልወርድ ነው» አለች።
ዘጋችው።
ያቺ የተዘጋች ስልክ ጆሮዬ ውስጥ ክፍት ናት።

ስወጣ፣ ጋሽ ይርዳው ካቡ ላይ ተቀምጠዋል፤
ጓሳ ሲከድኑ ዐርባ ክረምት ኖረዋል።
ሚስማሮቼን ለቅመው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ጠበቁኝ፤
እየቆጠሩ አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።
«ስምንት ናቸው፣ አልጎደሉም።
ክዳንህ ነው የከዳህ፤ ሚስማሮቹ አልበደሉም።
ነፋስ መንገደኛ ነው፤ በር ከዘጋህበት
በሩን ነቅሎ ይዞት ነው የሚሄድ በሌሊት።
አሳልፈው እንጂ!»
«አቤት!» አለ ረዳቴ ከመሰላሉ ሥር፣
ስሙ አሳልፈው ነውና።
ሦስታችንም ሳቅን፤ የኔ ሳቅ ግን ጉሮሮዬን ቧጠጠው።

«ስንት ልተውለት?»
አራት ጣታቸውን አጋደሙ፤ አንድ ጋት፤
ጓሳ ያሻከረው፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ ጋት።
ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁት፤ ዘጠኝ ሳንቲም።

ያን ሳምንት ጣራ ላይ ዋልኩ።
ቆርቆሮ አጥንት የለውም፤ አጥንቱ ከሥሩ ነው።
ሞራሌውን በመዶሻ እየቆረቆርኩ አዳመጥኩ፤
ጤነኛው ይመልሳል፣ የበሰበሰው ዝም።
ሁለቱ ዝም አሉኝ።
(ሞላሌ ገበያ ሞራሌ ፍለጋ ስዞር
የተሳቀብኝን አልናገርም።)
አንግል ብረት ቆርጬ ጋት ጋት የሚያህል እግር ሠራሁላት፤
ብሎኑ ቆርቆሮውን አልፎ እንጨቱን ነከሰ፤
ዝናብ ብሎኑን ተከትሎ እንዳይገባም
ከየሮንዴላው ሥር ላስቲክ።
«ከጠርዙ እናርቀው?» አለ አሳልፈው።
ልክ ነው፤ ነፋስ ጣራን ከጠርዙ ነው የሚቀምሰው።
ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገባን።

ውሃ ልክ ያሳደገው ዓይኔ ግን አመፀ፤
ቀጥ ማለት ለለመደ ማዘንበል ያሳፍራል።
ቢሆንም አሥራ ሁለት ዲግሪ ወደ ደቡብ አጎነበሰች፣
አቧራው እንዲንሸራተት፣ በረዶም እንዳያድርባት።
ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ በሰሜን ስታልፍ፣ ትንሽ ይቀርባታል።
ይቅርባት።

በሚያዝያ አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ነፋስ ተነሣ።
የብየዳ ቤቴ በር ሲላተም፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ
ተጋደምኩ። እዚህ እንዲህ ከሆነ፣ እዚያማ…
አልጮኸም።
አንድ ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ ዶሮ ጮኸ፤ እሱ አልጮኸም።
ሲነጋ እኔው ደወልኩ።
«ነፋስ? የቱ ነፋስ?» አለች፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፤
«ቆይ፣ መርፌ ይዣለሁ።»
ዘጋችው።

ትናንት ሌላ ቅጽ መጣልኝ፣ ከግሼ በኩል፣ ሌላ ጣራ፤
ያቺው ክፍት ቦታ፣ «የነፋስ ጫና»፣ ያቺው ነጠብጣብ መስመር።
እስክሪብቶዬን አስቀምጬ
አራት ጣቴን አጋደምኩባት።