የወሰኑ ቅርንጫፍ

ከድራቫ ወንዝ ዳር፣ ቅጠል በሚረግፍበት፣
ዝዴንካ ጠረጴዛ ትሸልማለች በጠዋት።
ጨርቅ አላነጠፈች፤ እንጨቱ ራቁቱን ይታይ፣
አባቷ ናቸው የላጉት፤ የቢላ ጠባሳ አለ ላዩ ላይ።

ለመሐሉ ዱባ፣ አንገቱ የጠመመ፣
ባንድ ወገኑ ቢጫ፣ ባንዱ የከሰመ፤
የቀጋ ፍሬ ቀይ፣ እሾሁ ያልተለቀመ፤
የዛፍ ሽበት ከሥሩ፣ ከጫካ የመጣ፣
ገና ጤዛ ያዘለ፣ ጉንዳን የሚወጣ
ከውስጡ።

ሁለት ወንድሞቿ ይመጣሉ ዛሬ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተጋሩ ወሬ፤
ባንዲት የፖም ዛፍ፣ ወሰን ላይ በበቀለች፣
«የኔ ናት»፣ «የኔ ናት» ስትባል በኖረች።
እንግዲህ ዓይን ለዓይን እንዳይተያዩ ብላ
ቅርንጫፍ አቆመች፣ ከመሐላቸው ተክላ።
ከየት እንደቆረጠችው አልነገረችም ለማንም።
ልብ ያለው ግን ያውቃል፤ ፖም አይደበቅም።

ሮክ ተቀመጠ ወዲህ፣ ጎራዝድ በማዶ፣
ሾርባው ትኩስ ነው፣ ዝምታው ግን በረዶ።
ያኔ አንዲት ፖም ወደቀች፣ ዱም! ዱባውን ነክታ፣
ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ቆመች መሐል ቦታ።
ማንም አልነካትም።
የግድግዳው ሰዓት ሦስቴ መታ።

ጎራዝድ ነው ያነሳት። በሸሚዙ ወልውሎ ገመጠ፣
ፊቱን አጨማደደ፣ አላመጠ፣ አላመጠ፣
«ዛሬም ኮምጣጣ ናት» አለ።
በቅጠሉ ቀዳዳ አንድ ዓይን ብቅ አለ፣
የሮክ ዓይን፣ የጠበበ፣ ሳቁ ከእንባው ያልለየ፤
ቅርንጫፉን በክንዱ ገለል አድርጎ አየ።

ዝዴንካ ጉንዳኗን ከዳቦው ላይ አነሳች፣
«ሾርባ ልጨምር?» አለች።