ሦስተኛው ቁጥር

ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ውሎ፣
ማታ ጋብ አለና መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ፣
ኢፍቱና እኔ ብቻ ቀርተን ከቢሮው፣
አጂፕ አጠገብ ካለው ፎቅ፣ ከሦስተኛው፣
ጭንቃችን አንድ ነው፦ ዴዶ ጤና ጣቢያ የሚልከው መዝገብ
ጅማ ሆስፒታል እስኪደርስ በየጉድባው ሲገደብ።

አንድ በሽተኛ ነው። አንድ ስም፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ የደም ዓይነት፤
እኛ ስንልከው ግን ከነሣጥኑ፣ ከነዘመዱ፣ ከነጎረቤት።
«ስም» ብለን ጽፈን ስሙን፣
«ዕድሜ» ብለን ጽፈን ዕድሜውን፣
«የደም ዓይነት» ብለን ደሙን፣
ለሺህ ሰው ሺህ ጊዜ
ያንኑ ቅንፍ፣ ያንኑ ጥቅስ፣ ያንኑ አባዜ።

ኢፍቱ፦ «ሰው ያነበዋል፤ ቢሰበርም ይታያል ስብራቱ።»
እኔ፦ «ማን ሰው ነው የሚያነበው፣ በዚህ ሌሊቱ?
አንባቢው ማሽን ነው። ከፋይዋ ግን ነዒማ፣
ዴዶ ጉብታ ላይ ስልኳን ይዛ፣ ሲግናል ፍለጋ በጨለማ።»
አልተስማማንም። መብራት ጠፋ፤ ተለያየን።

በማግስቱ ሄድኩ አዌቱን ተሻግሬ፣
የእናቴን አልጋ ልጠይቅ፣ ቀብድ ከከፈልኩ ወር ቆጥሬ።
ተማም አናጢው ስድስት ወንበር ለአጋሮ ሊጭን ተነሥቶ፣
ሁሉንም ፈታቶ፣
እግሩን ከእግር፣ መደገፊያውን ከመደገፊያ አጋብቶ
በገመድ ጠፍሮታል፤
ስድስቱ ባንዱ ቦታ፣ አይሱዙ ጣራ ላይ ይሄዳል።
እንጨቶቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው፣ በእርሳስ።
«ይኼ የኋላ እግር ነው ብለህ አትጽፍም?»
«ለምን እርሳሴን ልጨርስ?
አጋሮ ያለው ወንድሜ፣ ዚያድ፣ ንድፉን ያውቃል፤
ሦስት ሲያይ፣ እጁ ራሱ ቦታውን ያገኛል።»
ጥጉ ላይ በርጩማ አለ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር።
«እሱስ?»
«እሱ እንዳለ ነው የሚሄደው። ለሱ መፍታት ማለት መስበር።»

ያን ሌሊት ንድፉን ጻፍን፤ ለላኪም ለተቀባይም አንዳንድ ቅጂ፦
አንድ፣ ስም። ሁለት፣ ዕድሜ። ሦስት፣ የደም ዓይነት። መንገድ ላይ ቁጥር እንጂ
ሌላ አይጓዝም። ቁና ይሞላ የነበረው መዝገብ ከጣሳ አነሰ፤
ነዒማ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ ደረሰ።
ኢፍቱ ዝም አለች። እኔ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ።

ከሦስት ወር በኋላ የደም ዓይነት ለላብራቶሪው ተሰጠ፤
ሦስተኛው ቁጥር ባዶ ወንበር ሆነ፤ ዓይኔ ባዶው ላይ አፈጠጠ።
«ክብደት እዚህ ይቀመጥ» አልኩ። እኔ ነኝ፤ በሌላ አላሳብብም።
አዲሱ ፕሮግራም ሆስፒታል ገባ፤ የዴዶው ግን ገና አልታደሰም።
ነዒማ ሲፈንን መዘገበች፦ ዕድሜ ሰባት፤ የደሟ ዓይነት፣ በኮድ፣ አራት።
ሆስፒታሉ አነበበ፦ ዕድሜ ሰባት፤ ክብደት፣ በኪሎ፣ አራት።
ምንም አልተሰበረም። ቀይ ጽሑፍ የለም።
አራት አራት ነው፤ አይዋሽም፤
የምን አራት እንደሆነ ግን አይናገርም።

ነርሷ መድኃኒቱን ልትቀዳ ስሌቱን አየች፣
ልጅቷን አየች፣
ስሌቱን ተወች።

ኢፍቱ «ብዬህ ነበር» አላለችም። ንድፉን ከፈተች፤
ለክብደት አራተኛውን ሰጥታ፣ ከሦስተኛው ጎን እንዲህ ጻፈች፦
«የደም ዓይነት ነበረ። ማንም አይቀመጥበት።»
ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወረደች፤ ባጃጅ ጠራች፤ ሄደች።

የእናቴ አልጋ በመጨረሻ መጣ፤ ተፈትቶ፣ ከነገመዱ።
አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አምስት። ሦስት የለም፤ ቆጠርኩት ሁሉን በየገዱ።
ለተማም ደወልኩ። «ድሮ የመሐል ማገር ነበረው» አለ፣
«አሁን ቀርቷል። ቁጥሩን ግን ለሌላ አልሰጥም፤ ዚያድ ይሳሳታላ፣ አሮጌ ንድፍ ይዞ ስላለ።»

ዘጋሁት። ከእናቴ ጋር አልጋውን ገጠምን፣
አንድ ብሎን ተረፈን።
የት እንደሚገባ እስከ ዛሬ አላወቅን።